ሠራተኛው ሳይበላ የማይበሉት አጎቴ

አጎቴ ከሽንፋ ከተማ ወዲያ፣ ቆላው ላይ ሰሊጥ ያርሱ ነበር። በአጨዳ ወቅት ከጎጃምና ከወሎ የሚመጡት የቀን ሠራተኞች በልተው ሳይጠግቡ እሳቸው እጃቸውን አይታጠቡም። «የሰው ልጅ እናቱን ትቶ እኔን ብሎ መጥቷል፤ እንዴት ቀድሜው እጎርሳለሁ?» ይሉ ነበር።

በመሬቱ የተነሣው ጦርነት እርሻችን ድረስ የመጣ ዕለት ከሸሕዲ ከተማ የተላከ ትራክተር ሊያወጣን ደረሰ። ሁላችንም ተሳቢው ላይ ወጣን። ከወንዙ ማዶ የሚያጭዱ ሠራተኞች እንደቀሩ ሲሰሙ ግን አጎቴ ወረዱ።

«ኧረ ጋሼ፣ ተኩሱ ቀርቧል!» ብዬ እጅጌያቸውን ያዝሁ።

«እኔ እርሻ ላይ ሰው ጥዬ አልሄድም» ብለው እጄን አስለቀቁኝ።

ወንዙን ተሻግረው ጠሯቸውና ሠራተኞቹ ሮጠው ደረሱልን። እሳቸው ከኋላ ሆነው ሲያጣድፏቸው በጥይት ተመተው ወደቁ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ምግብ ሲቀርብ ቀድሞ የሚጎርስ ይጠፋል። እናቴ ወንድሟን እያሰበች ሳትበላ የምትነሣበት ቀን ብዙ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ዘመዶቻችን ከጎንደር መጥተው «መሬቱን ተዉትና ከእኛ ጋር ጎንደር ግቡ፤ እዚህ ምን ቀራችሁ?» አሉ። የአጎቴ ባለቤት፣ ከሐዘኑ ጀምሮ ድምፃቸው ያልተሰማው ሴትዮ፣ ከመደቡ ተነሡ።

«ባሌን የገደሉት እኛም ፈርተን መሬቱን እንድንለቅላቸው አይደል? እንግዲያ እግሬን አላነሣላቸውም! ዝናቡ ደርሷል፤ ዘሩን አውጡልኝ።»

 እኛ ዘሩን ጭነን ወደ እርሻው ወጣን። ሐዘኑ እስከ ዛሬ አልለቀቀንም፤ እኛም መሬቱን አልለቀቅንም።