ጥፋቱ የኔ ነው

ቂም መያዝ ኃጢአት ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። ይሁን፤ እኔ ግን አንድ ቂም ይዣለሁ፣ ደህና አድርጌም ነው የያዝኩት። የያዝኩበትን ሰው ስም አልጠራም፣ አፌ ውስጥ እንዲገባ አልፈልግም። ሆልደሩ እለዋለሁ፤ ሥራውም እሱ ነበር፣ ለሚመታ ሰው ኳስ አቁሞ መያዝ።

አበሻ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ "አንተ ደግሞ የአሜሪካ ፉትቦል ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገህ?" ብሎ ነው። በሱዳን በኩል አትላንታ ስገባ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የማውቀው የኛን ኳስ ብቻ ነው። የሃይስኩሉ የፉትቦል አሠልጣኝ አንድ ቀን ከመሀል ሜዳ ስለጋ አየኝና ያቺን ሁለት ጫፏ የሾለ ኳስ ይዞልኝ መጣ። "እስቲ ደግሞ ይቺን" አለኝ። ለጋኋት። በዚያች ምት ሰበብ ኮሌጅ በነጻ ተማርኩ። ሥራዬ ሲያዩት ቀላል ነው፦ ሌሎቹ ሲጋጩና ሲወድቁ ይውላሉ፤ እኔ ስጠራ ገብቼ ኳሷን በሁለቱ ቋሚዎች መሀል አሳልፌ እወጣለሁ። ከሳትኩ ግን ስታዲየሙ በሙሉ የሚሰድበው እኔን ብቻ ነው።

ኮሌጅ ስጨርስ ድራፍት ደረሰ። ድራፍት ማለት ትልልቆቹ ቡድኖች ከየኮሌጁ የሚፈልጉትን ልጅ በየተራ ስሙን እየጠሩ የሚወስዱበት ነው። አትላንታ ዳር ቻምብሊ ባለው አፓርታማችን ውስጥ ስልኩን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ዋልኩ። አብረን የምንኖረው ጋሼ፣ አገር ቤት የሒሳብ አስተማሪ የነበሩ፣ እዚህ ታክሲ የሚነዱ ሰው፣ ያን ቀን ሥራ ቀርተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከቤተ ክርስቲያን አንዲት ሴትዮ ለእሑድ ራይድ ፈልገው ቢደውሉ "እመቤቴ፣ ይህ ስልክ ዛሬ የመንግሥት ነው" ብለው ዘጉባቸው። በሁለት ቀን ያ ሁሉ ስም ተጠራ፤ የኔ አልተጠራም። በሦስተኛው ቀን የአንድ የሰሜን ከተማ ቡድን ደወለ፦ ድራፍት ያልተደረገ ሰው መሞከር ከፈለገ ሐምሌ ላይ ካምፕ ይምጣ አሉ። ጋሼ "እንግዲህ ሳይጠሩህ ልትሄድ ነዋ" ብለው ሳቁብኝ። ሄድኩ።

እዚያ ለአንድ ቦታ ሁለት መቺዎች ነበርን። ሌላው የሆልደሩ የኮሌጅ ጓደኛ ነው፤ አንድ ክፍል ያድራሉ፣ አንድ ገበታ ይቀርባሉ። ሆልደር የሚሠራው እንዲህ ነው። ኳሷ ስትወረወርለት ተንበርክኮ ይቀልባትና በጣቱ መሬት ላይ ያቆማታል፤ እኔ ሮጬ እመታታለሁ። ኳሷ በአንድ ጎኗ ጫማ እንደሚታሰር የታሰረ ወፍራም ክር አላት። ደህና ሆልደር ሲያቆማት ክሩን ወደ ጎሉ ያዞረዋል። ክሩ ወደ መቺው ከዞረ እግር ክሩን ያገኝና ኳሷ ወደፈለገችበት ትሄዳለች።

ለጓደኛው ያዞራል። ለኔ አያዞርም። መጀመሪያ ስህተት መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ገባኝ፤ በሮጥኩ ቁጥር ክሩ ፊት ለፊቴ ተገትሮ ይጠብቀኛል። ስቼ ቀና ስል ሆልደሩ ዓይኔን አያየኝም። ልምምዱን የሚቀርጹት ከሩቅ ማማ ላይ ስለሆነ ፊልሙ ላይ ክር አይታይም። የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን።

አሠልጣኙ ክፉ ሰው አልነበረም። ሆልደሩ እዚያው ቆሞ ሳለ ጠራኝና "አያያዙ ደህና ነው? ችግር ካለ አሁን ንገረኝ" አለኝ። በሩን ከፍቶ ሰጠኝ ማለት ነው። እኔስ? ሰውን፣ ያውም ታላቄን፣ ፊቱ ላይ ላሳጣው? ይሉኝታ ያዘኝ። ገና በመጣ በሳምንቱ ሰው ከሰሰ እንዳልባል ፈርቼ ዓይኔን መሬት ላይ ተከልኩና "አያያዙ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። እኛ ዘንድ አንዱ እንዲህ ሲል ሌላው "ኧረ የለም፣ የኔ ነው" ብሎ ይሽቀዳደማል። እኔ ሞኙ ሆልደሩ እንዲያ እስኪል ጠበቅኩት። እሱ የሄልሜቱን ማሰሪያ ማስተካከል ያዘ።

አሠልጣኙ ቃሌን አመነ። በሳምንቱ አንድ ሰውዬ ጠዋት በሬን አንኳኳና "አሠልጣኙ ይፈልግሃል፣ ፕሌይቡክህን ይዘህ ና" አለኝ። ፕሌይቡክ የቡድኑ ዘዴ ሁሉ የተጻፈበት ወፍራም ደብተር ነው፤ ይዘህ ና ከተባልክ ከት ተደርገሃል፣ ተሰናብተሃል ማለት ነው። ደብተሬን በብብቴ ይዤ ስሄድ ሆልደሩን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። ደብተሩን አየና "ሶሪ ማን" አለኝ። ከንፈሩ ጫፍ ላይ የነበረችውን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ ሳቅ ነበረች።

አትላንታ ተመልሼ አንድ ዓመት ሙሉ ደንዉዲ ባለ የቢሮ ሕንፃ ሥር የሰው መኪና ፓርክ ሳደርግ ኖርኩ። ነገሩን ለጋሼ ስነግራቸው "ይሉኝታህን ያን ሁሉ በረሃ ተሸክመህ ነው የመጣኸው? በቦታው ውሃ ብትይዝ አይሻልም ነበር?" አሉኝ። ይስደቡኝ እንጂ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ቡፎርድ ሃይዌይ አጠገብ ወዳለ የትምህርት ቤት ሜዳ በታክሲያቸው ይወስዱኛል። ሱሪያቸው እንዳይቆሽሽ ጋዜጣ አንጥፈው ይንበረከኩና ኳሷን ይይዙልኛል። ጠመኔ የለመደ ጣት ነውና ክሩን ማዞር አንድም ቀን አልረሱም። እኔ ግን በሮጥኩ ቁጥር የሚታየኝ የሆልደሩ ጣት ነበር፤ ኳሷን ትቼ ጣቱን መምታት ያምረኝ ነበር። ፊቴን አይተው ሳያውቁት አልቀሩም መሰለኝ፣ "ቀስ በል፣ ይሄ የኔ እጅ ነው" ይሉኝ ነበር።

በዓመቱ የአትላንታ ቡድን ለሙከራ ጠራኝ፣ ያዘኝም። ያን ዓመት ጥሩ መታሁ። አንድ እሑድ ኳስ የሚይዝልኝን ልጅ ኳሷ አመለጠችውና ሳትኩ። የመቺዎቹ አሠልጣኝ፣ ጠና ያለ ዝምተኛ ሰው፣ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ እንደ ልማዴ "ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩት። በማግስቱ ፊልሙን አይቶ ጠራኝ። "አንተ ጥፋቱ የኔ ነው ስትል ሌላ ሰው እየሸፈንክ ነው። ከእንግዲህ እንዲህ ካልከኝ የማየው ያኛውን ነው" አለኝ። አፍሬ ሳቅኩ። ነገሩን ግን በልቤ አስቀመጥኩት።

በሚቀጥለው ሐምሌ ካምፕ ስንገባ በር ላይ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ሆልደሩን። የሰሜኑ ቡድን አሰናብቶት ኖሯል፤ ዓይኑን በጨው ታጥቦ እንደ ወንድም አቀፈኝ። ሚስቱን ይዞ ደንዉዲ አፓርታማ ተከራይቷል፣ ይሄ የመጨረሻ ዕድሌ ነው አለኝ። የፈለገው የተጠባባቂ ኳርተርባክነት፣ የኳስ አከፋፋዩን ምትክነት ቦታ ነው፤ ከአንድ ሌላ ልጅ ጋር እኩል ለእኩል ሆኑ። አሠልጣኙም ቁርጡን ተናገረ፦ ከሁለቱ ቡድኑ ውስጥ የሚቀረው ለኔ ኳስ የሚይዘው ነው።

እንዴት ያዘልኝ ብትሉኝ፣ እንደ ጋሼ አድርጎ። ክሩ ሁልጊዜ ወደ ጎሉ። ይህን ሳይ ነው ደሜ የፈላው፤ ያኔም ይችል ነበር ማለት ነው።

በመጨረሻው ሳምንት ያው ዝምተኛው የመቺዎቹ አሠልጣኝ ቢሮው አስጠራኝ። "ከዚህ ሰው ጋር ሠርተህ ታውቃለህ። እዚያ ብዙ ስተሃል፤ ምን ሆኖ ነው?" አለኝ። ክሩን ወደኔ ያዞር ነበር ማለት እችል ነበር፣ አራት ቃል ነው። ግን ያንን ብል ሆልደሩን ጠርቶ ይጠይቀዋል፣ እሱም ይክዳል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ክር የሚያይልኝ ማን ነው? ስለዚህ አንገቴን ደፋሁ። ዓይኔን እዚያው የድሮው ቦታ፣ መሬት ላይ ተከልኩት። ድምፄንም ዝቅ አደረግኩና "አያያዙ ደህና ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ። በሕይወቴ ይሉኝታን አውቄ፣ አስቤበት፣ እንደ ቢላ የሳልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

አሠልጣኙ "ገባኝ" አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ጫማዬን ሳስር ሆልደሩ ደብተሩን በብብቱ ይዞ መጣ። ይህችን ሰዓት ሁለት ዓመት ሙሉ ተለማምጃታለሁ። "ሶሪ ማን" ልለው ነበር፣ በራሱ ድምፅ፣ በዚያችው ሳቅ። አጠገቤ ተቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል።

"ስለኔ ምን እንዳልክ አሠልጣኙን ጠየቅኩት" አለኝ። "ክፉ ቃል አልወጣውም፣ ጥፋቱን ሁሉ በራሱ ላይ ነው ያደረገው አለኝ። ያኔ ክሩን ሆን ብዬ ነበር የማዞርብህ። ታውቅ ነበር አይደል?"

"አውቅ ነበር" አልኩ።

"እያወቅክ ነው እንዲህ ያልክልኝ? እንዳንተ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።" እጄን በሁለት እጁ ያዘው። ለሚስቱ እንደሚነግራት ነገረኝ። የተለማመድኳት ቃል ጉሮሮዬ ላይ ደርሳለች፤ ያስባረርኩህ እኔ ነኝ፣ በዚያችው ቃሌ ነው ያስባረርኩህ ልለው ይገባኝ ነበር። ግን እጄን በሁለት እጁ የያዘና እንባ ያቀረረ ሰው ፊት እንዴት ተብሎ ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ። "ኧረ ምንም አይደል" አልኩት።

እኔም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየሁም፤ ጉልበቴ ተጎዳና በሁለተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ደብተርህን ይዘህ ና ተባልኩ። እሱን ሌላ ቡድን አልያዘውም። አላዘንኩለትም፣ ዛሬም አላዝንለትም። በየዓመቱ ለፈረንጅ ገና የልጆቹ ፎቶ ያለበት ካርድ ይልክልኛል፤ ሥር ላይ ሁልጊዜ "ይቅር ስላልከኝ" ብሎ ይጽፋል። ይቅር ብዬው አላውቅም። ካርዱ በመጣ ቁጥር አንጀቴ እርር እያለ እቀመጥና "ምንም አይደል" ብዬ እመልስለታለሁ።