የማያልቀው የበቅሎ ተራ

ሐመልማልን ሳመሰግን ሰዉ «አሁንስ አበዛሽው» ይለኛል። ይበለኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ቤቴን ያቆመችው አንዲት በቅሎ ናት፤ እሷም የምትሠራው ተራ ሲደርሳት ነው።

ደባርቅ ላይ ወደ ተራራው የሚወጣ እንግዳ ጓዙን የሚያስጭነው በተራ ነው። የተጠራ ይጭናል፤ ስሙም ወዲያው ከሁሉም ኋላ ይሰለፋል። ተራ አስከባሪያችን የሐመልማል አባት አያ ወልደ ገብርኤል ናቸው። ሐሜት ፈርተው የራሳቸውን በቅሎ ከተራው ስላስወጡ፣ በቅሎዋ ለዓመታት የገበያ እህል ስታመላልስ ኖራለች። ከሐሜቱ ግን አላመለጡም። እንግዳ ሲሳሳ ሀብተ ሚካኤል የሚባል ነገረኛ ጎረቤቴ «ለዘመድ ያደላሉ» ብሎ የበቅሎ ጫኞች ማኅበራችንን ለሁለት ከፈለው። ሽማግሌው «ካላመናችሁኝ ሌላ ፈልጉ» አሉ።

ሐመልማል ጎንደር ኮምፒውተር ተምራ መጥታ እዚሁ የማኅበሩ ቢሮ ትሠራለች። «ተራውን ማሽን ይጥራው፤ ማሽን ዘመድ የለው» አለች። ፓይተን በሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፈችውና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ሁሉ እያየ አስነሣችው።

ማሽኑ የሁላችንንም ስም አወጣ። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አሁንም እንደገና። ስሙ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፣ ማቆሚያ የለውም።

«ይኸስ ካባቷም ባሰ! አንድ በቅሎ በቀን ስንቴ ሊጫን ነው?» አለ ሀብተ ሚካኤል፤ ሰዉ ሳቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አልኩ በሆዴ። አያ ወልደ ገብርኤል ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

«አባባ፣ ይቀመጡ» አለችና ማሽኑን አቋረጠችው። በየጥሪው የዝርዝሩን ርዝመት እንዲያሳያት አንድ መስመር ጨምራ መልሳ አስነሣችው። ቁጥሩ ያድጋል እንጂ አይቆምም። ይኼኔ እሷም ሳቀች።

«ልማዳችንን እንዳለ ነው የጻፍኩት» አለች። «እዚህ ሜዳ ላይ የተጠራው ጭኖ ይሄዳል። ማሽኑ ውስጥ ግን የተጠራው ከኋላ ይሰለፍና መልሶ ይጠራል። በምጠራበት ዝርዝር ላይ ስለምጨምር መጨረሻው አይደረስበትም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኳት።

«ሳልጀምር ዝርዝሩን እገለብጣለሁ። ከግልባጩ እጠራለሁ፤ ለሚቀጥለው ዙር የማሰልፈው በዋናው ላይ ይሆናል።»

አስተካክላ አስነሣችው። ሁላችንንም አንድ አንድ ጊዜ ጠርቶ ቆመ። የሚስቅ ጠፋ።

ጥሪውን እንዲያነብ የማሽኑ ዝርዝር የሚወጣበትን የማኅበሩን ስልክ ለራሱ ለሀብተ ሚካኤል ሰጠነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያነባል፤ የኔም ደረሰኝ፣ ደስ ብሎኝ በቅሎዬን አስጫንኩ። ዙሩ ሊያልቅ ሲል አንድ ማለዳ ስልኩን ደጋግሞ አየ። አዲስ ገቢ የሚሰለፈው ከኋላ ነውና፣ ሐመልማል ከዚያ እሑድ ወዲህ የአባቷን ስም ከሁላችንም መጨረሻ አስገብታው ኖሯል።

«አያ ወልደ ገብርኤል» ሲል ጠራ።

ሽማግሌው ዳር ቆመው ነበር። መጠራት ለምደው አያውቁምና ሌላ ሰው የተጠራ መስሏቸው ዘወር ዘወር አሉ።

ሀብተ ሚካኤል ስልኩን ለኔ ሰጥቶ የመጫኛውን ገመድ አነሣ። «እርስዎ ነዎት፣ አያ» አላቸው። «በቅሎዋን ያምጧት፤ እኔ እጭንልዎታለሁ።»