ቀለሙን ያሳጠበችው በያጅ

በያጇ እሳት የላሰች ናት ቢባል ማጋነን አይደለም። ሙያውን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። እሳቸው የማይዝግ ብረት ሲበይዱ ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ወርቃማና ሰማያዊ ቀለም ይቀራል። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ደረታቸውን ነፍተው፣ «ይሄ ፊርማዬ ነው» ይላሉ። ማን ደፍሮ ይነካዋል?

ልጃቸው ደፈረች። ለወተት ማቀነባበሪያ የታዘዘውን አዲስ ታንከር በይደው ሲጨርሱ፣ «አባዬ፣ ቀለሙ በአሲድ ይታጠብ» አለች።

«ፊርማዬ?»

«ኦክስጅን እኮ ነው! ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው ውስጡ ያለው ክሮሚየም ነው። ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ለዓይን የማይታይ ስስ ልባስ ይሠራል። ስንበይድ ሙቀቱ ልባሱን ያወፍረዋል፤ ቀለሙ ያ ነው። ከሥሩ ግን ክሮሚየሙ ይሟጠጣል፣ ብረቱ እዚያ ጋ ራቁቱን ይቀራል።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» አሉና ጀርባቸውን ሰጧት።

ልጅ! ጸጉሯ መሸበት የጀመረ ሴትዮ! ደሟ ፈላ። እንዳለ ብታስረክበው የሰው ወተት ዝገት ሊነካው ነው፤ በጉልበት ብታጥበው ደግሞ አባቷን ልታስቀይም ነው። አደረች፣ አሰበችና አባቷ አምና የበየዱትን ታንከር ከማቀነባበሪያው ለፍተሻ አስመጣች።

ዝገት እንደ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። ሌላው የታንከሩ አካል መስተዋት ይመስላል፤ ቀለሙ በነበረበት ሁሉ ግን ቀይ መስመር ተጋድሟል። አባትየው ጎንበስ ብለው በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት።

«ልባሱ ተመልሶ ይመጣል?» አሉ በመጨረሻ።

«ከሥሩ ያለውን ጭምር አጥበን ካነሳነው አየሩ ራሱ መልሶ ያለብሰዋል።»

አባትየው ጓንት አጠለቁ፣ አዲሱንም የአምናውንም ታንከር አሲድ ቀቡ፣ የገዛ እጃቸውን ሥራ አጎንብሰው ሲፈትጉ ዋሉ። የማቀነባበሪያው ኃላፊ መጥቶ ምን እንደተፈጠረ ቢጠይቅ፣ ግቢው እስኪሰማ ድረስ መለሱለት፦

«ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ያወቀችው ልጄ ናት። ከእንግዲህ እሷ አይታ ሳትፈቅድ ከዚህ በር የሚወጣ ሥራ የለም።»

ዕድሜ ልካቸውን «አበላሸሁ» ብለው አያውቁም። ልጅቱ በራሷ ከኮራችው ይልቅ በአባቷ ኮራች፤ እንባዋን እንዳያዩባትም፣ አንድም እሳት ባልነደደበት ግቢ የብየዳ ጭንብሏን አወረደች።