ለአያቴ የተመረጠው ከበሮ

ልጄ ላሊበላ አንድ ሱቅ ውስጥ ለቤት ሙዚቃ የድምፅ ማጉያ ሪሲቨር ሲያማርጥ፣ የስፒከሩ ድምታ ደረቴን መታኝና ሐሳቤ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ መንደራችን ገነተ ማርያም ሄደ።

አባቴ ለቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ሊመርጥ ነው። እናቱ፣ አያቴ፣ ከአልጋ መነሳት አቅቷት ማኅሌት ከቀረባት ከርሟል። እኔን ዳገቱ ላይ ወደ እሷ ላከኝና ከታች ሁለቱን ከበሮዎች በየተራ መታ። ቅርብ ሲሆን የሚያገሳው የትልቁ ከበሮ ድምፅ መንገድ ላይ ቀረ። ትንሹ ሲመታ ግን የአያቴ እጆች ከጋቢው ሥር ማጨብጨብ ጀመሩ።

“ይሄስ ቤቴ ድረስ ገባ፤ እንኳን ደህና መጣህ በሉት!” አለች። እኔ ሞኟ፣ ማን እንደገባ ለማየት ወደ በሩ ዞርኩ።

“እማዬ፣ የቱ ይሁን?” አለኝ ልጄ፣ ሱቁ ውስጥ ሁለት ሪሲቨሮች እያሳየኝ።

“ሁለቱንም በየተራ ክፈትልኝ” ብዬ ከማዶ ለመስማት መንገዱን ተሻገርኩ።

ባለሱቁ ሳቀ። “እማማ፣ ለቤት ነው እኮ!”

“ለቤትማ ነው። ጎረቤቴ ግን ታማ ከተኛች ከርሟል፤ እሷም ትስማ እንጂ።”