ትኩሳት ፍለጋ፤ ከአስኮ እስከ አየር ጤና

ቅዳሜ ጠዋት፣ አስኮ

ከቤት ስወጣ በፌስታል የያዝኩት ሁለት ዕቃ ብቻ ነበር፤ በሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ የገጠምኩት የትኩሳት መለኪያና የእህቴ የብብት ቴርሞሜትር። እኔ የቴሌቪዥንና የሬዲዮ ጠጋኝ ነኝ። እህቴ ሰናይት ደግሞ ሠፈራችን ውስጥ የሕፃናት ማቆያ አላት። በየጠዋቱ በር ላይ ብብት ስትለካ ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ እናቶች ሥራ ይረፍድባቸዋል። «ዛሬስ ይለፈን» እያሉ ሲነዘንዟት መለካቱን ተወችው። በሳምንቱ ጉንፋን ቤቱን ሞላው፤ ሦስት እናቶችም ልጆቻቸውን አስወጡ።

«አሥር ሰዓት ላይ እናቶቹን ጠርቻለሁ» አለችኝ ስወጣ። «መሣሪያህ ከዋሸ ሰኞ በሩን አልከፍትም፤ አለቀ!»

ሳይነካ ከግንባር ላይ ሙቀት የሚያነበውን ሴንሰር ገጥሜ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ከእውነተኛው ቴርሞሜትር ጋር ማስማማት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ብዙ ግንባር ያስፈልጋል። ዕለቱ መድኃኔዓለም ስለሆነ ግንባር የሚገኘው ቀራንዮ ነዋ!

ረፋድ፣ ቀራንዮ

ሁለት ታክሲ ቀያይሬ ስደርስ ካፊያው አረስርሶኝ ነበር። ብርድ ብርድ አለኝ፤ ወገቤንም ቆረጠመኝ። ለወገቤ የታክሲውን ወንበር ረገምኩ፣ ለብርዱ ትኩስ ፓስቲ ገዛሁ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ራቅ ብዬ ከጠበል የሚመለሱትን መለመን ጀመርኩ። ጋቢ የለበሱ አዛውንት ቆሙልኝ።

«አባባ፣ ግንባርዎን ልለካዎት?»

«ምን ሊሠራልህ ልጄ? ቆብ ልትሰፋልኝ ነው?»

አስረዳኋቸው። «በል ለካው፤ ራሰ በራው ግን አይቆጠርም» ብለው ሳቁ። የእኔ መለኪያ ሠላሳ ሦስት ተኩል አለ፤ በጋቢያቸው ውስጥ የያዙት ቴርሞሜትር ግን ሠላሳ ስድስት ተኩል። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ሴትዮም እንደዚያው። ዘጠኝ ሰው ለካሁ፣ ዘጠኙም ላይ ሦስት ዲግሪ ያህል ጎደለ። «ይኼማ ቀላል ነው!» አልኩና ቁልፉን እየተጫንኩ ሦስት ዲግሪ ጨመርኩበት። እንዴት ደስ እንዳለኝ! መንገዱን በፉጨት ነው የወረድኩት።

እኩለ ቀን፣ ታክሲ ውስጥ

ወደ አየር ጤና በሚሄደው ታክሲ ረዳቱ ዕቃዬን አየና «ብራዘር፣ እስቲ እኔን ሞክረኝ» አለ። ሠላሳ ዘጠኝ! አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቁጥሩን ስታይ መስኮቱን ከፈተች።

«ኧረ ጤነኛ ነኝ! አሁን እኮ ነው ድርብ ፍርፍር የበላሁት!» ቢል ማን ይስማው።

እሷንም ለካኋት፤ ሠላሳ ዘጠኝ። ከኋላ አንዱ «ወራጅ አለ!» አለ። «እኔም ወራጅ!» አለ ሌላው። ፌርማታው ገና ነበር። ረዳቱ «ብራዘር፣ ገበያዬን ዘጋህብኝ እኮ!» ሲለኝ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከሰዓት፣ አየር ጤና

ከጋራዦቹ ጀርባ ባለች ትንሽ ክሊኒክ የምትሠራ ሲስተር ጽጌ የምትባል የድሮ ጎረቤት አለችኝ። ታሪኩን ስነግራት ጠየቀችኝ።

«የት ነው ያስተካከልከው?»

«ቀራንዮ፣ ከጠበል በሚወጡ ሰዎች ላይ።»

ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አንተ! ግንባራቸው በቀዝቃዛ ውኃ ተጠምቆ ነው የመጣው እኮ! ቀዝቃዛ ግንባር ለክተህ ጥፋቱን በማሽኑ ላይ አላከክከው?»

እውነቷን ነው። የጨመርኩትን ሦስት ዲግሪ መለስኩ። ከዚያ ወረፋ የሚጠብቁትን፣ ግንባራቸው የደረቀና አረፍ ያሉ ሰዎችን፣ አንድ በአንድ ለካን። አሁን የጎደለው ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነበር፤ እሱን ጨመርንለት። አንዲት ያተኮሳት ልጅ ስትመጣ ሁለቱም መለኪያ ሠላሳ ዘጠኝ አሉ። ሚስኪኗን ልጅ እያየሁ መፈንጠዝ ነውር ሆኖብኝ ደስታዬን ዋጥኩት።

«አንተስ? ፊትህ ቀልቷል» አለች ጽጌ ስሰናበታት።

«ሳቅሽ ነው ያቀላው» ብያት እየሮጥኩ ወጣሁ።

አሥር ሰዓት፣ አስኮ

በሩ ላይ እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ቆመዋል። ልጆቹ ለመለካት ይሽቀዳደማሉ፤ የሚያለቅስ የለም። ሠላሳ ስድስት ተኩል፣ ሠላሳ ስድስት ከስድስት... ሰናይት እያንዳንዱን በብብት ታረጋግጣለች፤ ይገጥማል። ልጇን መጀመሪያ ያስወጣችው እናት ግን አልተዋጠላትም።

«ሁሉን ሰው ደህና ነው የሚል ማሽን ምን ያደርግልኛል? እስቲ ራስህን ለካ።»

ወደ ግንባሬ አዞርኩት፤ ሠላሳ ስምንት ከሰባት።

«ተ... ተበላሸ መሰለኝ» አልኩ። ሰናይት ቴርሞሜትሩን ብብቴ ሥር ወሸቀችው። ጠበቅን። አውጥታ አየችው፣ ለእናቶቹም አሳየቻቸው። ሠላሳ ስምንት ከሰባት!

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ!» አለች። ለካ ያ የወገብ ቁርጥማት የታክሲው ወንበር አልነበረም።

ያቺ እናት ከት ብላ ሳቀችና «ሰኞ ልጄን አመጣለሁ» አለች። እኔ ደግሞ ከዚህ ሁሉ መንገድ የተማርኩት ግንባር ከመለካቱ በፊት መድረቅና ማረፍ እንዳለበት፣ ሰው ደግሞ ከራሱ መጀመር እንዳለበት ነው።

ደስ ብሎኝ ወደ ውስጥ ልገባ ስል ሰናይት እጇን በሩ ላይ ዘረጋች።

«ወዴት? ትኩሳት ያለበት እዚህ ቤት አይገባም።»

ዝንጅብል ሻይዬን በአጥር በኩል አቀበለችኝ። የሠራሁት መለኪያ መጀመሪያ ያባረረው እኔን ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን ተባርሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።