ወያላው አልተሳሳተም

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን በምሠራበት ዓመት ከእናቴ ጋር ጠዋት ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ሚኒባስ የምንሳፈረው አብረን ነበር። እሷ ቃሊቲ፣ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቋ ጋ ትወርዳለች፤ እኔ ወደ መሃል ከተማ፣ ወደ ቤተ ሙከራ እቀጥላለሁ። እናቴ በወጣትነቷ ከስልጤ የመጣች፣ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ነጋዴ ናት። ጥያቄ ግን አያልቅባትም፤ እኔም በዚህ በኩል የወጣሁት በእሷ ነው።

አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ቆመን፣ "ቆይ ግን፣ እዚያ ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምትሠሪው?" አለችኝ።

ስለ ሥራዬ ከተጠየቅሁ ዝም ማለት አልችልበትም። በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጮኸውን ወያላ አሳየኋት።

"ሴል ውስጥ ፕሮቲን ሲሠራ፣ መመሪያው ላይ ያለውን ቃል እያነበበ ለቃሉ የሚሆነውን ዕቃ የሚያመጣ ትንሽ አጓጓዥ አለ። ትራንስፈር አርኤንኤ ይባላል። አንቺ ወያላ በዪው። 'ቱሉ' ከተባለ የቱሉን ሰው ይጭናል፣ 'ኮዬ' ከተባለ የኮዬን።"

"እሺ፣ ገባኝ።"

"እኔ የማጠናቸው ሴሎች ደግሞ ቫይረስ ገብቶ ጠባያቸውን የለወጣቸው ናቸው። ማቆም አያውቁም፣ ዝም ብለው ይባዛሉ። እነሱ ውስጥ ያለው ወያላ ለየት ይላል፤ ጤነኛው ላይ ያለ አንድ ነገር ይጎድለዋል። ሸሚዙ አንድ ቁልፍ እንደጎደለው በዪው። ታዲያ ይሄ ወያላ ሰው ያሳስታል ወይስ እንደ ጤነኛው ይሠራል? የኔ ጥያቄ ይሄ ነው።"

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ቫይረስ የገባበት ሴል ግን ይድናል?" አለችኝ።

"አይ እማ፣ አንዴ ከተለወጠ በቃ። አይመለስም" አልኳት፣ ወንበር ለመያዝ እየተጋፋሁ። እኔ የማወራው ቤተ ሙከራ ውስጥ ሳህን ላይ ስለማሳድጋቸው ሴሎች ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ እንኳንስ ልመልሰው፣ ምን እንደወጣኝም አላወቅሁም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ነገሮች መለወጥ ጀመሩ። በሩ ጀርባ ምስማር ላይ የሚንጠለጠለው የጋራ ጥፍር መቁረጫችን ጠፋና ሁለት አዲስ ተገዛ፤ "ይሄ ያንቺ፣ ይሄ የኔ" ተባልኩ። ከብዙ ዓመት በፊት የሞተው አባቴ ፎቶ ከሳሎኑ ግድግዳ ወረደ፤ "መስቀያው ላልቶ ነው" አለች። ቤተ ሙከራ ውስጥ ከፀጉር የቀጠነ ልዩነት ፍለጋ ቀኑን ሙሉ አፈጣለሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን ይህንን ሁሉ እያየሁ "ለምን?" አላልኩም። አሁንም ያሳፍረኛል።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ቁም ሳጥን ውስጥ መርፌና ክር ስፈልግ ፎቶውን በፊቱ ተደፍቶ አገኘሁት። ከሥሩ የጤና ጣቢያ ወረቀት ነበር፤ የማህፀን በር ምርመራ ውጤት። ለሕክምና እንድትመለስ የተሰጣት ቀጠሮ ካለፈ ቆይቷል።

"እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "ነርሷ 'ቫይረስ ተገኝቶብዎታል' አለችኝ። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ሌላ ወንድ አላውቅ፤ አባትሽ ነው ያስያዘኝ። ቀጠሮዬ ሳይደርስ አንቺን ብጠይቅሽ ደግሞ አይመለስም አልሽኝ። ታዲያ ሄጄ ምን ላድርግ?"

እኛ ሰፈር "ቫይረስ አለበት" ከተባለ "የትኛው?" ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቃሉ አንድ ነው፣ ይዞት የሚመጣውም አንድ ነው፦ ኤችአይቪ። ነርሷ ግን የተናገረችው ስለ ሌላ ቫይረስ ነበር፤ ካልታከሙት በጊዜ ብዛት የማህፀን በርን ሴሎች ወደ ካንሰር ሊለውጥ ስለሚችለው። ሳህን ላይ ሳያቸው የሚያስደንቁኝ ሴሎች ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አስፈሩኝ።

"ይሄኛው ያኛው አይደለም፣ እማ" አልኳት። "ይሄ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚይዘው ነው። ከማን እንደመጣ፣ መቼ እንደመጣ ማንም ሊናገር አይችልም። ያንቺ ሴሎች ገና አልተለወጡ ይሆናል።"

"ይሆናል?"

"ነገ ሄደን እናያለን።"

በማግስቱ ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ ስጠብቃት፣ ስለ እነዚያ ሴሎች የማውቀው ሁሉ አንድም አላጽናናኝም። ነርሷ ወጥታ ትንሽ ምልክት ብቻ እንዳገኘች፣ እሱንም እዚያው እንዳከመችው ነገረችኝ። "ሳይቃጠል በቅጠል ነው" አለችና የክትትል ቀጠሮ ጻፈችልን። የማደርገው ጠፍቶኝ ወረቀቱን ሦስቴ አጠፍኩት።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ እናቴ በክርኗ ነካ አደረገችኝ። "ያ ቁልፉ የጎደለው ወያላሽስ? ተሳሳተ?"

የሙከራዬን ውጤት ያገኘሁት በዚያው ሳምንት ነበር። "አልተሳሳተም። እንደ ጤነኛው ነው የሠራው።"

"ወይ ጉድ! ቁልፋችንን ሙሉ ዘግተን የተሳሳትነው እኛ ነና።"

ቤት እንደገባን ፎቶውን ከቁም ሳጥኑ አወጣችው። መስታወቱን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ ቦታው ላይ ሰቀለችውና ፊት ለፊቱ ቆመች።

"ሁለት ወር ሙሉ ስረግምህ ከረምኩ" አለችው። "አፉ በለኝ።"