ሠላሳ ጊዜ ማኘክ

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት አባባ የመጀመሪያውን ማንኪያ ቂንጬ አሥራ አንድ ጊዜ አኝከው ዋጡት። ታላቅ እህቴ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ትቆጥር ነበር። ደንቡ ሠላሳ ነው።

«አሥራ አንድ ላይ ዋጡት» አለች።

«ቂንጬ እኮ ነው ልጄ። ምኑ ይታኘካል?»

«ሠላሳ ተባብለናል አባባ።»

«እኔ መዝገብ ቤት ሳለሁ፣ ምሳዬን በልቼ ሁለት ፋይል አውጥቼ ስመለስ አንቺ ገና ሰባተኛው ላይ ነሽ።»

«ለዚያ እኮ ነው ዛሬ ሆድዎ የሚነፋው።»

እኔ በሩን ተደግፌ ዳቦ እየገመጥኩ እስቅ ነበር። ያኔ ሥራዬ መሳቅ ነበር። ማለቴ፣ ሌላም ሥራ አለኝ፤ ወሎ ሰፈር ስልክ እጠግናለሁ። ግን የምገባው ከሰዓት ነው። ጠዋት ጠዋት ካዛንቺስ ቤታችን ውስጥ ቆሜ በሁለቱ እስቃለሁ።

አባባ ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ መዝገብ ሲጠብቁ ኖሩ። አለቃ ይጠራኛል ብለው በጥድፊያ መዋጥ የለመዱት እዚያ ነው። ጡረታ ሲወጡ አለቃው ቀረ፣ ጥድፊያው አብሯቸው ቤት ገባ። አምና ሆዳቸው አስቸገረ። በልተው ሲነሱ ይነፋቸዋል፤ ድርቀት አለ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያገሳሉ። እህቴ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ክፉ በሽታ አልተገኘም። በዕድሜ ሆድ ቀስ ይላል፤ ትንሽ ትንሽ ይብሉ፣ በደንብ ያኝኩ፣ ውኃና አትክልት ያብዙ፣ ከምግብ በኋላ ይራመዱ፣ አይጨነቁ ተባሉ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እህቴ ግን ስልኳ ላይ ሳምንት ሙሉ አነበበችና ቬገስ የሚባል ነርቭ አገኘች። ከአንጎል ተነስቶ፣ በአንገት ወርዶ፣ በልብ በኩል አልፎ ሆድ ይገባል አለችን። ሰው ሲረጋጋ ሆድን «ሥራህን ሥራ» ይለዋል፤ ሰው ሲደነግጥ ግን ሆድ ይዘጋል። አባባ ይህን ወዲያው ገባቸው።

«ተላላኪ ነዋ» አሉ። «ከላይ ቢሮ ወደ ምድር ቤት ደብዳቤ የሚያመላልስ። ተላላኪ ከደነገጠ ደብዳቤው የትም አይደርስ።»

ከዚያ ወዲህ ቤታችን የሚኖረው ለተላላኪው ሆነ። ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ጠዋት ከቁርስ በፊት እጅ ሆድ ላይ፤ እስከ አራት ቆጥሮ ወደ ውስጥ፣ እስከ ስድስት ቆጥሮ ወደ ውጭ። ወደ ውጭ ሲተነፍሱ አፍን ገጥሞ «እምምም» ማለት ነው። ሐኪሙን ስትጠይቀው «ትንፋሹ ያረጋጋቸዋል፣ ጉዳትም የለውም፤ ዋናው ግን አመጋገቡና መራመዱ ነው» አላት። እሷ የሰማችው ግማሹን ነው። ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ጎረቤታችን በየማለዳው «ንቡ ተነሳ?» ይላሉ። እኔ ደግሞ «ለአባባ ቀፎ እንግዛ» እላለሁ።

«አንቺስ ቁርስ?» አሏት አባባ በዚያ ማክሰኞ።

«ቢሮ እበላለሁ።»

ኡራኤል አካባቢ ያለው ቢሮዋ ውስጥ የምትበላው ማኪያቶ ነበር፤ ቆማ። በዚያ ላይ ለራስ ምታቷ ሁለት የማስታገሻ ክኒን። ምሳ ዕቃዋን ይዛ ትሄዳለች፤ ብዙ ጊዜ እንደሞላ ትመልሰዋለች። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። ስትወጣ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ ጫን አድርጋ ይዛ ነበር። ታክሲ ተራ ላይ ሌባ ፈርታ መሰለኝ።

ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ነበር። ምሳ ላይ የመቁጠሩ ተራ የእኔ ነው። እኔ ስልኬን አያለሁ፣ አባባ ይውጣሉ። «ስንት ደረስኩ?» ሲሉ «ሠላሳ» እላለሁ። ተስማምተን ነው የምንኖረው። ከዚያ ወደ ኡራኤል አቅጣጫ ትንሽ ተራምደን ተመለስን። ማታ እህቴ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ «ምሳ ላይ ሠላሳ?» አለች።

«ሠላሳ» አልን ሁለታችንም።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ቢሮዋ ውስጥ ደም አስመለሳት። ባልደረቦቿ ሆስፒታል አደረሷት፤ እኔም ተጠርቼ ሄድኩ። አሥር ሰዓት ላይ አረፈች። ሐኪሙ ጨጓራዋ ላይ ቁስል ነበር አለኝ። ክኒኑ በባዶ ሆድ ሲደጋገም ሳያባብሰው አልቀረም፤ ቁስሉ ደማ፣ ደሙ አልቆም አለ። ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ «እሺ» አልኩት። አንዲት ባልደረባዋ ቦርሳዋን ሰጠችኝ። ከበደኝ። ምሳ ዕቃው አልተከፈተም ነበር።

አጎቴና የዕድራችን ሊቀመንበር ሆስፒታሉ በር ላይ ተማከሩ። ለአባባ መርዶው የሚነገረው እንደ ወጉ ጎህ ሲቀድ ነው። እስከዚያ እኔ ቤት ገብቼ ምንም እንዳልሆነ መሆን አለብኝ።

«ፊልድ ወጣች በላቸው» አለኝ አጎቴ።

«ራት ደግሞ ጠገብ እስኪሉ ይብሉ» አሉ ሊቀመንበሩ። «መርዶ በባዶ ሆድ አይሰማም።»

የእህቴ ወረቀት ላይ «ራት፦ ትንሽ» ይላል። እኔ ወረቀቱን መረጥኩ። አባባ ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እውነተኛ ሠላሳ ቆጠርኩ።

«ምን ነካህ ዛሬ? አለቃ ሆንክብኝ» አሉ።

«እሷ አደራ ብላኝ ነው።»

«ፊልድ ስትወጣ አትሰናበተኝም?»

«ድንገት ታዘዘች።»

«ያው መሥሪያ ቤት ነው» አሉና አመኑኝ። ሌላ አባት ቢሆን ይጠረጥር ነበር። እሳቸው ግን የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሦስቱ መጡ፤ አጎቴ፣ ሊቀመንበሩና ጎረቤታችን። አባባ ተነስተው አልጋቸው ጫፍ ላይ፣ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ለካ ሰውዬው ባለፈው እሑድ ሆዴን ነፋኝ ብለው ሲያማርሩ፣ አባባ «ከቁርስ በፊት ብቅ ይበሉ፣ የልጄን ዘዴ አሳይዎታለሁ» ብለዋቸው ኖሯል።

«እሑድ ሲስቁብኝ አልነበር?» አሉ። «ሁላችሁም ናችሁ? ጥሩ። ቁጭ በሉ።»

ሊቀመንበሩ በሰፈሩ መርዶ ማርዳት የሚያውቁ ሰው ናቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መጀመሪያ ትንፋሽ» አሉ አባባ። «ወሬ ከዚያ በኋላ። እጅ ሆድ ላይ።»

ሊቀመንበሩ አጎቴን አዩ። አጎቴ እኔን አየኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። ከዚያ ሊቀመንበሩ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ። በቃ፣ ሁላችንም አደረግን።

አባባ ቆጠሩ። አራት ወደ ውስጥ፣ ስድስት ወደ ውጭ። «እምምም» አልን። ለመርዶ የመጡ ሦስት ሰዎችና እኔ። ሁለተኛው ላይ ሊቀመንበሩ ቀጠሮ የተራዘመለት ሰው መስለው ትከሻቸው ወረደ። እህቴ ብታይ በጣም ደስ ይላት ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ አምስት ሰው በአንድ ላይ አስተንፍሳ አታውቅም።

ሦስተኛው ላይ የጎረቤታችን ድምፅ ተሰበረ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑት።

«ትንፋሽዎ አጠረ» አሏቸው አባባ። «ከሆድ ነው እንጂ ከ...»

አልጨረሱትም። ጎረቤታችንን አዩ፣ ከዚያ ሊቀመንበሩን፣ ከዚያ አጎቴን። እጃቸው ከሆዳቸው ላይ አልተነሳም።

«ማነው?» አሉ።

ሊቀመንበሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው አየር ብቻ ነው። መናገር የነበረባቸው እሳቸው ናቸው። የቤቱ ሰው አይናገርም፣ ወጉ እንደዚያ ነው። ግን አባባ የሚያዩት እኔን ነበር።

«አባባ» አልኩ። «ፊልድ አልወጣችም።»

ጎረቤታችን ጮኹ። ጩኸቱ ግቢውን አልፎ ሄደ፤ ሰው መግባት ጀመረ። አባባ መጀመሪያ አላለቀሱም። ሰው ሲደነግጥ ይዘጋል ብላ እህቴ የነገረችን ሆድን ነበር፤ እሳቸው ግን ሁሉ ነገራቸው ተዘጋ። ሰው ዙሪያቸውን ሲሞላ እጄን ስበው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ምሳ በልታ ነበር?»

«በልታለች።»

«አኝካ?»

«ሠላሳ» አልኳቸው።

እኔና አባባ የምንዋሸው አብረን ነበር። የፊልዱም ውሸት የአጎቴ ነበር፤ ያን ጠዋት ብቻዬን ዋሸሁ።

ውጭ ድንኳን መትከል ጀመሩ። የሰፈር ሴቶች ድስት ፍለጋ ወደ ማዕድ ቤት ሲገቡ ቦርሳዋ ትዝ አለኝ። አልጋዬ ሥር ነው። አንዷ ምሳ ዕቃውን ብታገኝ፣ «ይኸው ሳትበላ» ብላ ታለቅስበታለች፤ አባባም ይሰማሉ። ሄጄ አወጣሁት። ሽሮ ፍትፍትና ጎመን ነበር፤ ቀዝቅዟል። ማዕድ ቤቱ ጥግ ተቀምጬ የመጀመሪያውን ጉርሻ አፌ ከተትኩ። ቆጠርኩ። ሠላሳ ላይ ዋጥኩት።

ጎረቤታችን ድስት ተሸክመው ሲያልፉ አዩኝ።

«ብላ ልጄ» አሉ። «በባዶ ሆድ አይለቀስም።»

ማኘኬን ቀጠልኩ። አሥራ ሰባት ላይ ነበርኩ።

እስከ መጨረሻው በላሁት። ድንኳኑ ቆሞ ወንበር እስኪደረደር ድረስ ፈጀብኝ። ያን ሁሉ አኝኬም ሆዴ ተነፋ፤ እስከ ቀብር ሰዓት አልተወኝም። ምሳ ዕቃውን በሳሙና አጥቤ፣ መደርደሪያው ላይ ደፋሁትና፣ ሄጄ አባባ ጎን ተቀመጥኩ።